የነጠላው ቋጠሮ

ሐኪሙ ብፅአትን «የሚጥል በሽታሽ እስኪነሳ ድረስ፣ አወዳደቅሽን እንድናይ ካሜራ ሥር ትተኛለሽ፤ ያን ጊዜ ፊትሽን ማንም እንዳይሸፍን። አስቢበት» ብሏት ወጣ።

እናቷ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ክብሪት ጨበጥ አደረገች። ብፅአት በወደቀች ቁጥር፣ ገበያ መሃልም ሆነ አውቶቡስ ውስጥ፣ በዚያ ነጠላ ሸፍናት፣ ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ሥር ትይዝላት ነበር። «ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ እንሂድ። የሰው መሳቂያ አትሁኚ።»

ብፅአት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ድካሟ ግን የአሮጊት። «እማ፣ ስወድቅ ምን እመስላለሁ?»

እናቷ ወለሉን አየች። «ምኑን አውቄ! ከሸፈንኩሽ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ አይደል የምጸልይ።»

«እንግዲያ አንድ ሰው ይየኝ» አለችና ብፅአት እጇን ዘረጋች። «ነጠላውን ስጪኝ።»

እናቷ ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደች። ከመስጠቷ በፊት ግን ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ፣ ክብሪቱን ጉያዋ ሸጎጠችው።