ያልተበጠሰው ማተብ

ጥቁሩ ማተብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከቀናት በፊት አንድ ወጣት ሠራተኛ ስንዴ ሊጠርግ ጎንበስ ሲል የወፍጮው መዘውር ማተቡን ከነአንገቱ ጠቅልሎ ወሰደው፤ አስከሬኑን ለማላቀቅ ማተቡን በቢላ ቆረጡት እንጂ ክሩስ አልተበጠሰም። ደብረ ብርሃን ባለው በዚያ ዱቄት ፋብሪካ የአደጋ ምርመራ የሚማሩት አለቆች ከሥራ አስኪያጁ ጋር ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው አስተማሪ «መልስ ባገኛችሁ ቁጥር ደግማችሁ ለምን በሉ» ብሏቸዋል።

«ለምን አልተበጠሰም?» አለ የፈረቃው አለቃ።

የመለሱለት የሟቹ አባት ናቸው። ማተቡን ሊወስዱ ከአንኮበር የመጡ ቄስ ሲሆኑ፣ በሩ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«በሥላሴ ስም ሦስት አድርጌ የገመድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከተማ ሲገባ እንዳይበጠስበት ብዬ።» ቀረብ ብለው ጣታቸውን በክሩ ላይ አስኬዱ፤ ቢላው የቆረጠው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ቀጭን ባደርገው ኖሮ ልጄ ይተርፍልኝ ነበር?»

ይተርፍ ነበር። አለቃው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«የለም፣ አባ» አለ። «ጥፋቱ የክሩ አይደለም። መዘውሩ መከለያ አልነበረውም።»

ቄሱ ማተቡን አጥፈው በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሊወጡ በሩን ከያዙ በኋላ ግን ዞር አሉ።

«ለምን አልነበረውም?»

አለቃው አስተማሪውን አየ፤ አስተማሪው ሥራ አስኪያጁን። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

«ትምህርቱ ለዛሬ ይበቃል» አለ።