ጎርፉ ዳር የተጸለየ ጸሎት

ዲቦራ ከወንዙ ዳር ስትደርስ ታፈሰን እስከ አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ የዛፍ ሥር ጨብጦ አገኘችው። ወደ ቴፒ መንገድ የሚያሻግረውን ግንድ ጎርፍ ወስዶታል። ታፈሰ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ምሎ ባሏ ላይ በሐሰት የመሰከረ ሰው ነው፤ ባሏ ከታሰረበት የተመለሰላት ሬሳው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ ምእመኑ ሲያመሰግን እሷ ተንበርክካ፣ "ጌታ ሆይ፣ በእጄ ጣለው" ስትል ኖራለች።

"እህት ዲቦራ፣ በጌታ ስም፣ እንጨቱን አቀብዪኝ" አላት። በእጇ የቡና ቅርንጫፍ የምትስብበት ቆልማማ እንጨት ነበረ።

"በዚያ ስም ስትምል ሰምቼሃለሁ" አለችው።

እንጨቱን አጠገቧ አስቀምጣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ ሰጠኸኝ፤ ተመስገን" ብላ ጀመረች፤ መቀጠል ግን አቃታት። ውኃው አሁን ቢወስደው ለባሏ ሞት የሚከፍለው የአንድ አፍታ ጭንቅ ብቻ ነው። ያ አልበቃትም። ከዚያ የሚበልጠውን ፍርድ ደግሞ እሷ አታውቅበትም። "አንተ ታውቅበታለህ" አለች፤ ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ አመነችው።

ተነሥታ እንጨቱን ዘረጋችለት፣ በሙሉ ጉልበቷም ስባ አወጣችው። ታፈሰ እያሳለ እግሯን ሊስም ሲል ወደ ኋላ አለች።

"ይቅር አልሽኝ?"

"አላልኩህም" አለችው። "ለጌታ አሳልፌ ሰጠሁህ። እሱ ደግሞ እንደ እኔ አይቸኩልም።"