የአራት ቀን ዱባይ

መሐል ሜዳ ላይ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ በመነገድ የሚታወቀው አወቀ ሲቆጣ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ይህን ሚስቱ እየሩስም ገበያውም ያውቃሉ። ክረምት ሳይገባ አንዱን ተሸካሚ «ባናዬን ጭቃ ላይ ጣልክ» ብሎ መንጋጋውን ሰብሮት፣ ነገሩ በሽማግሌ ነው የበረደው።

ዱባይ የምትሠራው የአወቀ እህት ጠጄ ልጆቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። የአራት ቀን ዕረፍት ስታገኝ «ይዛችኋቸው ኑ» አለች። ጽናት አምስት ዓመቷ ነው። ማርያማዊት ገና ጡት አልጣለችም፤ ደረቷም ብርድ አይችልም።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። የእየሩስ ወንድም አትናቴዎስ ዱባይ ሠርቶ የተመለሰ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እቤታቸው ቁጭ ብሎ ጉዞውን አብሯቸው ያወጣና ያወርድ ጀመር።

«ከልጅ ጋር አራት ቀን ማለት ሁለት ቀን ማለት ነው» አለ። «በቀን አንድ ቦታ ይበቃችኋል። ቀትር ላይ አስተኟቸው። ውጪው እሳት ነው፤ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ግን የጓሳ ተራራን ውርጭ ነው የሚለቁባችሁ። የትንሿን ጃኬት ከእጃችሁ እንዳትለዩት።»

«አጎቴ፣ እውነት መስታወቱ ቤት ውስጥ ዓሣው በላያችን ይዋኛል?» አለች ጽናት ጉልበቱ ላይ ወጥታ።

«በላይሽም በጎንሽም።»

«ገንዘቡንስ የት እንያዘው?» አለ አወቀ።

«ዳይፐሩ መሐል ነዋ!» አለች እየሩስ። «የሕፃን ዳይፐር ማን ይፈትሻል?»

ሁሉም ሳቁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚወስዳቸው የመኪና ነገር ሲነሣ ብቻ አትናቴዎስ ፊቱን አጨማደደ። አወቀ በኮንትራት የያዘው ትዕዛዙ የሚባለውን ወጣት ሾፌር ነበር።

«እሱን ልጅ አልወደውም» አለ አትናቴዎስ። «ስልኩ አያርፍም። ዘንድሮ መንገዱ ክፉ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማን ያውቃል?»

ሌላ መኪና ግን አልተገኘም። አትናቴዎስም ራቤል ከተማ ተዝካር ነበረበትና ሳይሸኛቸው ቀድሟቸው ሄደ።

ማክሰኞ ማለዳ ተነሡ። ትዕዛዙ ሻንጣ ሲጭን አወቀ «ያቺን የሕፃኗን ቦርሳ ቀስ አድርጋት!» ብሎ ጮኸበት። ወዲያው ግን ቦርሳዋን ያጋለጠ መሰለውና መጮሁን ጠላው።

ሞላሌን እንዳለፉ የሾፌሩ ስልክ ጠራ። «መንገድ ላይ ነን፤ ብዙ አልቀረንም» ብሎ ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠራ። ትዕዛዙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራ። አወቀ ከጎኑ ተቀምጦ ከንፈሩን ያይ ነበር።

ገደሉ አፋፍ ላይ መኪናው ተንገዳገደ። ትዕዛዙ ፍሬን ያዘና «የኋላው ጎማ ተነፈሰ» ብሎ ወረደ።

ከቋጥኙ ጀርባ ሦስት ሰዎች ወጡ። ፊታቸውን በሻሽ ጠምጥመዋል።

አንደኛው አወቀን ጎትቶ አወረደና በሰደፍ አፉን አለው። አወቀ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሊነሣ ሲሞክር ጎኑን ረገጠው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ራሱ ሰማው። ሁለተኛው የእየሩስን የወርቅ ጉትቻ ከነጆሮዋ ሥጋ መነጨቀው። ጩኸቷ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ።

ሦስተኛው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጽናትን አፏን አፍኖ አወረዳትና ቋጥኙ ኋላ አስቀመጣት። ተመልሶ ትልልቆቹን ሻንጣዎች አልፎ የሕፃኗን ቦርሳ አነሣ። ዳይፐሩን በትኖ ገንዘቡን ወሰደ። ሊሄድ ሲል መለስ አለና ከቦርሳው የትንሿን ጃኬት አውጥቶ ለእየሩስ ወረወረላት።

ትዕዛዙን የነካው የለም። እጁን ሰቅሎ እንደ ቆመ፣ ሰዎቹ ቁልቁል ወርደው ጠፉ።

አወቀ መኪናውን ተደግፎ ተነሣ።

«ገንዘቡ የት እንዳለ ማን ነገራቸው?»

«ጋሼ አወቀ፣ እኔ ምን አውቄ!»

«ማን ነው ሲደውልልህ የነበረው?»

«ሚስቴ ናት። እዚህ ከፊታችን ሐኪም ቤት ገብታ ምጥ ይዟታል፤ እንካ፣ ደውልና ጠይቃት! ጎማውንም እየው፣ ምስማር ዘርተውበት ነው!»

አወቀ ስልኩን አልተቀበለም፤ ጎማውንም ዞሮ አላየም። ከማን ጋር እንደሚያወራ ማን ያውቃል? ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻውን መዘዘ።

መጀመሪያ ትከሻውን መታው። ትዕዛዙ ተንበረከከ። «በማርያም! ልጄን እንኳ ሳላይ!» ሁለተኛው ምት ግንባሩ ላይ አረፈ።

«አወቀ!» አለች እየሩስ፣ በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በሌላው የሚደማ ጆሮዋን ይዛ። «ተው! ትገድለዋለህ!»

አልተወም። ክንዱ እስኪዝል መታው። ትዕዛዙ እግሩን አንድ ጊዜ አፈራገጠና ዝም አለ። ደሙ በጠጠሩ መሐል መንገድ አበጅቶ ወደ ጎማው ወረደ።

አወቀ የተሰበረ ጎኑን ይዞ ቆመ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቢሆንም ልቡ ቀለለው። ቢያንስ አንዱ ዋጋውን አግኝቷል። «ከሃዲ» አለና ብረቱን ወደ ገደሉ ወረወረው።

እየሩስ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጽናት ከቋጥኙ ኋላ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ ተመለከተች፤ ወደ አባቷ መጥታም እጅጌውን ጎተተች።

«አባዬ፣ አሁን ማውራት ይቻላል? አጎቴ ከመኪናው ሲያወርደኝ አፌን ይዞኝ ነበር።»