ጠምዛዛው ፎቅ

ባሏ አርክቴክት ነው። ሕንፃውን የሚያሠራው ባለሀብት ቀጥ ያለ ፎቅ ቢፈልግም፣ እሱ ሕንፃው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተጠማዘዘ ካልሄደ ሥራውን እለቃለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻም አሸነፈ።

ግንባታው ካለቀ ወዲህ ምሳውን ቤት መጥቶ መብላት ተወ። ስትጠይቀው "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ የሥራ ባልደረባውን አገኘችው።

"እሱማ በምሳ ሰዓት የአዲሱ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው" አላት።

"ከማን ጋር?"

ሰውየው ሳቀና ወሬ ቀየረ።

በማግስቱ ከባሏ ጋር ትገናኛለች ብላ የጠረጠረቻትን ሴት ቀድማ ልትጠብቃት፣ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው በሊፍት ወጣች። ክፍሉ ባዶ ነበር። የሴት ሽቶ ብታሸት፣ የተረሳ ሻርፕ ብትፈልግ ምንም የለም። መስኮቱ ሥር አንድ ወንበርና ማቆሚያ ላይ የተተከለ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ብቻ አየች። ታችኞቹ ፎቆች ዋናውን መንገድ ሲያዩ፣ ይህኛው ዞሮ ዞሮ ፊቱን ወደ እነሱ ሰፈር መልሷል። ዓይኗን መነጽሩ ላይ አስጠጋች። የመኝታ ቤቷ መስኮት፣ ያልተነጠፈው አልጋዋ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታያት።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ባሏ ነበር።

"እኔም ልጠይቅሽ እያልኩ ነበር" አላት ቀስ ብሎ። "ትናንት በምሳ ሰዓት ቤት የመጣው ሰውዬ ማነው?"