እናቱ ላይ በር የዘጋው ያርጋል

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... እናቴን ማየት አይቻልም!»

ያርጋል ይሄን ያለው ለማን መሰላችሁ?

ለእናቱ የንስሐ አባት... ለአባ ወልደ ሩፋኤል!

ያውም ደባርቅ መሃል፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ።

«ወይ ጉድ! ቄስ ከበር ይመለሳል?» አለች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እናቱ እትዬ ባንቻየሁ ከእግራቸው አውራ ጣት ሥር አጥንት ወጥቶባቸው ስንት ዘመን ተሰቃይተዋል። አዲስ ጫማ ሲገዙ የመጀመሪያ ሥራቸው ጎኑን በቢላ መቅደድ ነበር 😂

ጥር ላይ ልጃቸው ሶልያና ልትዳር ነው። «በተቀደደ ጫማ ሙሽራ አላጅብም!» ብለው ጎንደር ሄደው ኦፕሬሽን ሆኑ።

ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ አቃናው፣ በብሎን አሰረው።

«እናቴ፣ የእኔ ሥራ አልቋል፤ ከባዱ የእርስዎ ነው» አላቸው። «እግርዎ ከልብዎ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይዋል። ለሽንት ቤት ብቻ ይነሱ፣ ያውም ይህን ሶሉ የማይተጣጠፍ ጫማ አድርገው፣ በተረከዝዎ እየረገጡ። አንድ ወር ተኩል ይታገሡ። እብጠቱ ለወራት ቢቆይም አይደንግጡ።»

ደባርቅ ተመለሱ... ጠያቂ ጎረፈ።

ብዙም ሳይቆይ ግን በሩ ተቆለፈ!

ከዳባት እንቁላል ይዛ የመጣች ተመለሰች።

ከበየዳ ሙክት እየጎተተ የመጣ ዘመድ... ከነሙክቱ ተመለሰ 🐏

ወሬው ተነሳ። «ቤቱን ሊሸጥ ነው!» «እናቱን አስሯቸው ነው!» ያርጋልን መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ጠፋ።

እሱ ግን ጭጭ።

ወደ በሩ እንመለስ...

አባ ያርጋልን ገፋ አድርገው ገቡ። እኛ ጎረቤቶቹም ተከተልን... ይሄን ሳናይ እንለፍ እንዴ?

እትዬ ባንቻየሁ ተጋድመዋል፣ እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሏል።

አባን ሲያዩ...

«ኖር!!» ብለው ብድግ!

«እማ ተይ!» ያርጋል ሮጦ እግራቸው መሬት ሳይነካ ቀለባቸው።

«ልጄ፣ ለምን ቆለፈብሽ?» አሉ አባ።

«እሱ ምን አደረገ አባቴ! ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ!»

ሁላችንም ክው አልን።

«ሰው በገባ ቁጥር ኖር እያልኩ ስነሳ አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ደርሶ ነበር። ለቀጠሮ ስሄድ ሐኪሙ አይቶ "እንዲህ ከቀጠሉ እግርዎ ለኦፕሬሽን እንደገና ይከፈታል" አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲገባ እያየሁ መጋደም አልፈጠረብኝም! ልጄን "ስድቡን አንተ ቻልልኝ" አልኩት።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከን?» አለች ባለ ነጠላዋ።

«ብነግራችሁ "አትነሺ፣ አይተንሽ ብቻ እንወጣለን" ብላችሁ ትገባላችሁ። እሷ ደግሞ ትነሳለች።»

እውነቱን ነው 😅

አባ መስቀላቸውን አነሱ...

«ባንቻየሁ፣ ሐኪሙ ቁሚ እስኪልሽ ለማንም እንዳትነሺ ገዝቼሻለሁ! ለእኔም ቢሆን!»

አበቃ። ሐኪም ለምኖ ያቃተውን ግዝት ጨረሰው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ደግሞ ግዝቱን ወደዱት...

«ተገዝቻለሁ፣ ውሃ አቀብሉኝ!»

«ተገዝቻለሁ፣ ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ!»

ጥር ላይ እብጠቱ ገና አልጠፋም ነበር። ግን እትዬ ባንቻየሁ ጎኑ ያልተቀደደ ጫማ አድርገው፣ እልል እያሉ ልጃቸውን ሸኙ። ያርጋል ጥግ ቆሞ ሲያያቸው እንባው መጣ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ስሙ ሲጠፋ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱ የሚሰደበው የሚወደውን ሰው ከልሎ ነው። ሳናውቅ አንፍረድ።

ደግሞ በሽተኛ ስትጠይቁ ቶሎ ውጡ 🙏

እናንተስ... እናታችሁ «ስድቡን ቻልልኝ» ብትላችሁ፣ አገር ሁሉ ሲያማችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ ትችሉት ነበር? ሳታጋንኑ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ 👇