የእትዬ ሀጅራ ጎማዎች

አውሎ ነፋሱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከራጉኤል በኩል ተነሥቶ እህል በረንዳን ያመሰው ለሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሰባት ደቂቃም በቃው። የመብራት ምሰሶ አጋደመ፣ የስድስት ሱቅ ቆርቆሮ ገነጠለ፣ የእትዬ ሀጅራን ወንፊቶች እያንከባለለ በየሰፈሩ በተናቸው። አንዱማ ዱባይ ተራ የጫማ መደርደሪያ ላይ ጉብ ብሎ ተገኘ። ይሄ እንኳን ያስቃል። የማያስቀው የእትዬ ሀጅራ ጣሪያ ነው፤ ተነሥቶ መንገድ ዳር ቃሪያ የምትሸጠው የሺ ላይ አረፈ። የሺ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች።

ከእትዬ ሀጅራ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የቦጋለ ጆንያ መሸጫ ግን አንዲት ምስማር እንኳ አልወለቀችበትም።

«አንተንስ እግዜር ይወድሃል» አሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይገረም፣ ዓርብ ጠዋት ሰፈርተኛው አካፋና መጥረጊያ ይዞ ለጽዳት ሲወጣ።

ቦጋለ አካፋውን ጭቃው ውስጥ ሰካ።

እግዜር የሠራለትን አያውቅም፤ ራሱ የሠራውን ግን አሳምሮ ያውቃል። ጣሪያው ከሰኔ ወዲህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየተንኳኳ ሥራ አላሠራ ብሎት ነበር። አባቱ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ጣሪያውን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ረቡዕ ዕለት፣ እትዬ ሀጅራ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ጠብቆ፣ አባቱ እንደ ሌላው ዕቃቸው ሁሉ ነጭ ቀለም ያስነኩትን መሰላል አቁሞ ወጣ። በራሱ በኩል ባዶ ቆርቆሮ ነው። በእትዬ ሀጅራ በኩል ግን ነፋስ እንዳያነሣው ሁለት አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ተጭኗል፤ ጭቃ የጠገቡ፣ እዚህም እዚያም ነጭ ነጭ ነገር የነካቸው።

ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አለ ለራሱ። ምናለሽ ተራ ወርጄ ሌላ አሮጌ ጎማ እስካመጣ። ጎትቶ ወደ ራሱ ጣሪያ አሻገራቸው። ማንም አላየውም። በማግስቱ ነፋሱ መጣ።

እናም ቦጋለ ያን ዓርብ እንደ እብድ ሠራ። ቱቦ ጠረገ፣ ብርጭቆ ለቀመ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ በትከሻው አመላለሰ። ሰው ባመሰገነው ቁጥር አቀርቅሮ ሌላ ሸክም ያነሣል። ይባስ ብሎ፣ ቀና ሲል እትዬ ሀጅራ ጣሪያ የሌለውን ሱቃቸውን ትተው የእሱን ደጃፍ እየጠረጉ አገኛቸው።

«ኧረ እትዬ! ምን ሆነዋል? የራስዎ እያለ!»

«ተወኝ» አሉ ዓይኑን ሳያዩ። ትንሽ ጠርገው ቆም አሉና፣ «ቦጌ፣ አፉ በለኝ» አሉት።

ቦጋለ የቃሉን ወግ ያውቃል። እንደ እሳቸው ያሉ ወሎዬዎች መንገድ ሲነሡ፣ ሲታመሙ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይባባሉታል፤ ይቅር በለኝ እንደማለት ነው። ምላሹም ቀላል ነው፤ «አፉ ብያለሁ» ማለት ብቻ። ያቺን ሁለት ቃል ግን ሊላት አልደፈረም። በዳይ ተበዳይን ይቅር ብያለሁ ይላል እንዴ? አካፋውን ይዞ ሸሸ።

ቅዳሜ ጋሽ ይገረም ሁሉንም ሰብስበው ጠየቁ።

«ሀጅራ፣ ጣሪያሽ ላይ ክብደት አልነበረም እንዴ? ድንጋይ? ጎማ?»

እትዬ ሀጅራ ፊታቸው ዳመነ። ቦጋለን ገልመጥ አድርገው ወዲያው አቀረቀሩ።

«አልነበረም ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቦጋለ ክው አለ። ያውቃሉ! አይተውኛል፣ አውቀው ነው የሸፈኑልኝ! ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እሑድ ሌላ ወሬ ተሰማ። እትዬ ሀጅራ ሃያ ሁለት ዓመት ወንፊት የሸጡበትን ቦታ ለቀው አገራቸው ኮምቦልቻ ሊገቡ ነው። የሺ ዘንድ ሆስፒታል ሄደው እግሯ ሥር አልቅሰዋል አሉ። «ሰው የሰበረ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብዬ አልነግድም» ብለው ምለዋል።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዕቃቸውን የሚጭን አይሱዙ መጣ። ወዛደሮች የተረፉትን ወንፊቶች መጫን ጀመሩ። እትዬ ሀጅራ ሻሻቸውን አስተካክለው የቦጋለ በር ላይ ቆሙ።

«መሄዴ ነው ቦጌ። አደራህን፣ አፉ በለኝ። ሳትለኝ አልሄድም።»

ቦጋለ አላስቻለውም። መሰላሉን አነሣ፣ አቆመ፣ ወጣ። ሰፈርተኛው ወደ ላይ አንጋጠጠ። አንደኛው ጎማ ዱብ አለ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ቦጋለ ወርዶ እትዬ ሀጅራ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እኔን ነው አፉ ማለት ያለብዎት! ጎማዎችዎን ረቡዕ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሶላት ላይ ሆነው ሰረቅሁዎት። የየሺን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። እያወቁ ሸፈኑልኝ፤ እኔ ግን አፈርኩ። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይሂዱብኝ!»

«ቦጋለ!» አሉ ጋሽ ይገረም።

እትዬ ሀጅራ ቦጋለን አላነሡትም፣ አልሰደቡትምም። አንደኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ዝናብ ያራሰውን ጭቃ በሻሻቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉት፤ የጎማውን ዙሪያ የዞረ ነጭ ቀለም ብቅ አለ። መሰላሉን ቀና ብለው አዩ። እንባቸው ወረደ።

«አንተ እንዳነሣሃቸው እኔ መቼ አወቅሁ ቦጌ? እነዚህ እኮ የአባትህ ጎማዎች ናቸው፤ በሰኔ ከጣሪያህ ላይ የሰረቅኳቸው እኔ ነኝ።»