የቀያሹ መነጽር

እንደ ነፋስ የሚበር ባቡር ጋይንትን ሊያቋርጥ ነው ተብሎ ቀያሽ በመጣ ዕለት፣ አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው በሦስት እግር በቆመው የቀያሹ መነጽር አዩ። ከማዶ ያለው ቤታቸው ተዘቅዝቋል። የሣር ክዳኑ ወደ ታች፣ ምድሩ ወደ ላይ። ባለቤታቸው እንስራዋን እንዳዘለች በራሷ ቁልቁል ትሄዳለች፤ ውሃው ግን አይፈስም። ቀና ብለው በባዶ ዓይናቸው ሲያዩ ሁሉም እንደነበረ ነው።

«ምንድን ነው ያሳየኸኝ፣ ልጄ?» አሉና አማተቡ።

ቀያሹ ሳቀ። «አይስጉ አባቴ፣ የመነጽሩ ጠባይ ነው። ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳይ።»

አያ ፈንቴ ትንሽ ቀለል አላቸው። «ታዲያ ባቡሩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

ቀያሹ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል ከመሬት አነሣ።

«ያ አሁን ያዩት ቤት አለ አይደል? በእሱ ላይ።»